የእጣቢ ውሃ ማጥለያ፤ በቤት ውስጥ የሚሠራ

ልብስ በታጠበ ቁጥር የሚወጣው እድፍ ብቻ አይደለም። የጋቢው ጥጥ፣ የቀሚሱ ክር፣ የልጆቹ ሹራብ ጭገር አብሮ ይወጣል። ሳፋውን ስትደፉ ከሥር የሚቀረውን ግራጫ ነገር እጃችሁ ያውቀዋል። ለዚህ ብናኝ ቁም ነገር የሚሰጠው ሰው የለም። እኛ ግን ስለ እርሱ ለመጻፍ የተነሣነው፣ በፎገራ ሜዳ በየደጁ የተቆፈሩትን የእጣቢ ጉድጓዶች ከሚደፍኑት ነገሮች አንዱ እርሱ ስለ ሆነ ነው።

የእጣቢ ማስረጊያ ጉድጓድ ማለት ወርዱም ርዝመቱም ጥልቀቱም አንድ አንድ ሜትር ያህል ሆኖ ይቆፈርና ድንጋይ የሚሞላ ነው፤ ትልልቁ ድንጋይ ከታች፣ ትንንሹ ከላይ ይሆናል። እጣቢው በድንጋዩ መካከል ወርዶ ወደ አፈሩ ይሰርጋል። የክር ብናኙ ከሳሙናው ስብ ጋር ሲገናኝ ግን በድንጋዩ ላይ እንደ ባና ይነጠፋል። መጀመሪያ ስስ ነው፤ እየዋለ እያደረ ውሃ የማያሳልፍ ይሆናል። ዋልካ መሬት ደግሞ ያለዚያም ቢሆን ውሃ ለማስረግ ሰነፍ ነው፤ ይኼ ሲጨመርበት ጉድጓዱ ጉድጓድነቱ ይቀርና ኩሬ ይሆናል።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። የወባ ትንኝ የሳሙና እጣቢ አትወድም፤ የምትመርጠው ፀሐይ የሚያየውን ጠራ ያለ ውሃ ነው። ታዲያ እጣቢው ምን አገባው? ትሉ ይሆናል። የሚያገባውማ እንዲህ ነው። የተደፈነው ጉድጓድ ሞልቶ ሲፈስ ዙሪያው ይረጥባል፤ ከብቱ ይረግጠዋል፤ ኮቴው መሬቱን ያጎደጉደዋል። ከዚያ ዝናብ ሲመጣ እያንዳንዱ የኮቴ ዱካ ጠራ ያለ ውሃ ይይዛል። ለትንኟ ይኸው በቂዋ ነው። በሞቃት ጊዜ ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ሁለት ሳምንት እንኳ አይፈጅባትም። ከመስከረም ጀምሮ ያሉት ወራት በእኛ አገር የወባ ወራት መሆናቸውን ማንም ለእናንተ አይነግራችሁም። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደ ሞተ ይገመታል። የእጣቢ ጉድጓድ ብቻውን ወባን ያጠፋል አንልም፤ አጎበሩና መድኃኒቱ ቦታቸው አይነካም። ነገር ግን በደጃችሁ ያለውን ረግረግ ማድረቅ በእጃችሁ ያለ ሥራ ነው።

እንግዲህ ወደ ማጥለያው እንምጣ። ጠላ ስታጠሉ፣ የጀበናውንም አፍ አተላው እንዳይወጣ ስትወትፉ፣ የምታደርጉት ይህንኑ ነው። የተሰበረ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ፈልጉና አናቱን በቢላዋ ቁረጡ። ሚስማር በእሳት አግሉና ቂጡን በብዙ ቦታ ብሱት፤ የፕላስቲክ ጢስ ለሳንባ ጥሩ አይደለምና ይህ ሥራ ውጭ ይሁን፤ ልጆችም ይራቁ። ውስጡ የሽንኩርት መረብ ከረጢት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ አጥፋችሁ አንጥፉ። ሽንኩርት በሚመረትበት በእኛ ወረዳ መረብ አይጠፋም። በመረቡ ላይ አንድ ስንዝር የሚሆን የሩዝ ጭድ ጠቅጠቅ አድርጉ፤ ጭዱ እንዳይንሳፈፍ ሁለት ሦስት ጠጠር ጫኑበት። ጀሪካኑ በጉድጓዱ አፍ ላይ በድንጋይ ተደግፎ ይቀመጣል፤ እጣቢው ሁሉ በእርሱ በኩል ቀስ ተብሎ ይፈሳል። ጀሪካን የሌላት እናት አሮጌ ቅርጫት ብትጠቀም ያው ነው። አጎበር ቆርጦ ማጥለያ ማድረግ ግን አይገባም፤ የአጎበር ቦታው መኝታ ላይ ነው።

ጭዱ በሳምንት አንድ ጊዜ ይለወጥ። አዲስ ጋቢ የታጠበ እንደ ሆነ ግን ሳምንት አትጠብቁ፤ አዲስ ጋቢ የሚጥለው ጥጥ ብዙ ነው። ውሃው ከጭዱ በላይ መቆም ሲጀምር ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። የወጣው ጭድ ወደ ቆሻሻ ጉድጓድ ይግባና አፈር ይልበስ፤ ከዚያም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ማጥለያው ብናኙን ይይዛል እንጂ ውሃውን አያነጻም። ስለዚህ የተጠለለውን እጣቢ ለከብት ማጠጣት፣ ዕቃ ማለቅለቅ አይሆንም። ለዚህ ሥራ የዋለ ወንፊትም ወደ ማጀት አይመለስ።

የሕፃን መታቀፊያና ጨርቅ ሲታጠብ ዓይነ ምድሩ አስቀድሞ ወደ መጸዳጃ ቤት ይራገፍ። ይህን ሳያደርጉ ሳፋ ውስጥ መዘፍዘፍ ተቅማጥን በደጅ መዝራት ነው። የሕፃን ዓይነ ምድር ምንም አያደርግም የሚባለው ሐሰት ነው።

በእንዶድ የምታጥቡም አላችሁ። እንዶድ የኛው ሳሙና ነው፤ ገለባው ግን ጉድጓድ ስለሚደፍን እርሱም ይጠለል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ብልሃርዝያን በሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ላይ ያደረጉት ምርምር ከዚያ ተነሣ። እንዶድ ዓሣም ይገድላልና እጣቢው ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራ ወይም ወደ ጣና እንዳይሄድ ተጠንቀቁ።

ጉድጓዱ ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከፍ ባለ ቦታ ሳይሆን ከውሃው ዝቅ ብሎ ይቆፈር። በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደ ሆነው ጎርፍ ሜዳውን የሚሸፍንባቸው ቀበሌዎች፣ እንደ ናበጋና ዋገጠራ ያሉት፣ በክረምት ከመሬት በታች ያለው ውሃ ስለሚቀርብ ጉድጓድ አይሠራላቸውም። እዚያ የሚሻለው የተጠለለውን እጣቢ በጌሾውና በዛፉ ሥር፣ አንድ ቦታ ሳይደጋግሙ በትኖ ማፍሰስ ነው። ምንም እንኳ ብናኙ ትንሽ ቢመስል፣ ሳይጠለል የፈሰሰ እንደ ሆነ አፈሩን እንደ ቅርፊት ይሸፍነዋል።

ወረታ ከተማ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ያላቸው ቤተሰቦችም ከዚህ አይወጡም፤ ማሽን ልብሱን ስለሚያሽ ብናኙ ከእጅ አጠባ አያንስም። የናይለንና የፖሊስተር ክር ደግሞ እንደ ጥጥ አይበሰብስም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣችው ሕግ አዳዲስ ማሽኖች የክር ማጥለያ እንዲኖራቸው ደንግጋለች። እኛ ዘንድ አሮጌ የሴት ስቶኪንግ ይበቃል፤ በፍሳሽ ቱቦው ጫፍ ላይ ይጎትታል፣ በሲባጎ ይታሰራል፣ ጫፉ ባልዲ ውስጥ ይንጠለጠላል። ግማሽ ያህል ሲሞላ ይፈታና ይገልበጥ፤ ሲሞላ ዝም ከተባለ ውሃው መውጫ ያጣና ወይ ስቶኪንጉን ገፍቶ ይጥለዋል፣ ወይ ማሽኑ ውስጥ ይቀራል።