በአፎቻ መዝገብ ላልተጻፈ ሰው ማዘን፦ ደጋፊ በዓይኑ ያላየውን ተጫዋች ለምን ያለቅሳል?

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የቀድሞ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በጣሊያን አገር በ87 ዓመቱ ሲያርፍ፣ ከልብ ካዘኑለት ኢትዮጵያውያን አብዛኞቹ ሲጫወት አይተውት አያውቁም። አንዳንዶቹ ስሙን የሰሙት ከአባቶቻቸው ነው። ለማያውቁት ሰው እንዲህ ያለ ሐዘን ከየት ይመጣል?

በሐረር ሐዘን ባለቤትና ሥርዓት አለው። በጀጎል ውስጥ ሐረሪዎች በወንዶችና በሴቶች አፎቻ ተደራጅተው ይኖራሉ። በዙሪያው ያለው አርሶ አደርም የራሱ አፎሻ አለው፤ ከግንቡ ውጭ ያለው የከተማ ነዋሪ ደግሞ እድር። ሞት ሲደርስ መቃብር የሚቆፍረው፣ አስከሬን የሚሸከመው፣ ለሐዘንተኛ ምግብ ይዞ የሚመጣው አስቀድሞ ይታወቃል። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ አባል ይጠየቃል። ሸክሙ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ እንዳይወድቅ የሚያደርገው ይኸው ግዴታ ነው። ሆኖም ግዴታው የሚሠራው በመዝገብ ለተጻፈ ሰው ነው። ሩቅ አገር ለሞተ ኳስ ተጫዋች ድንኳን የሚተክል የለም። ደጋፊውን ቤቱ ድረስ ሄዶ «አላህ ሶብር ይስጥህ» ወይም «እግዚአብሔር ያጽናህ» የሚለውም አይገኝም። ሐዘኑ እውነተኛ ሆኖ ሳለ መቀመጫ ያጣል።

ዝምድናው የተጀመረው በራዲዮ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያና ግብፅ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲፋለሙ በአገራችን ቴሌቪዥን አልነበረም፤ ሥርጭቱ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለሚኖር የሐረር ሰው ጨዋታው የጆሮ እንጂ የዓይን ጉዳይ አልነበረም። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች። ግርማ ተክሌ የመጀመሪያዋን ግብ አቻ አደረገ፤ ሁለተኛዋን ደግሞ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ሉቻኖ መለሳት። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበትና ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ። አምበሉ ዋንጫውን የተቀበለው ከሐረር ብዙም በማይርቀው ኤጀርሳ ጎሮ ከተወለዱት ከንጉሠ ነገሥቱ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ነበር። ኢትዮጵያ ያን ዋንጫ ዳግመኛ አላነሳችም። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል የሚኖር ሰው የአፍሪካ ዋንጫን በአቅራቢያው ለማየት እስከ 1968 ዓ.ም. መቆየት ነበረበት፤ ያኔ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር የነበሩበት ምድብ በድሬዳዋ ተካሄደ።

ያላየውን ጨዋታ በጆሮው የተከታተለ ሰው ተጫዋቹን ራሱ ይሥለዋል። ቁመቱን፣ ሩጫውን፣ ግብ ሲያስቆጥር የሚያሳየውን ፊት ከራሱ ይጨምርበታል። ስለዚህ የሚያለቅስለት ሰው ከፊሉ የራሱ ሥራ ነው፤ ያን ጊዜ የነበረው ልጅነቱ፣ አብሮት ያዳመጠው ወንድሙ፣ ራዲዮ የነበረው ጎረቤት ሁሉ አብረው አሉበት። በአነጋገራችንም ይታያል። የሰማንያ ሰባት ዓመት አዛውንት አንቱ ይባላል፤ ሉቻኖን ግን ሁሉም «እሱ» ነው የሚለው። እኛ ሐረሮች አንቱታ እንደማይሆንልን የታወቀ ነው፤ ለኳስ ተጫዋች ሲሆን ግን አገሩ በሙሉ ሐረሬ ይሆናል።

ጨዋታውን የሚያደርሰው ድምፅም እንዲሁ የቤት ሰው ይሆናል። በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫን በመለያ ምት ስታሸንፍ ብዙዎች የሚያስታውሱት ከኳሱ እኩል የጋዜጠኛ ደምሴ ዳምጤን ድምፅ ነው።

ተጫዋቹና ድምፁ አንድ ሰው ሲሆኑ ምን እንደሚፈጠር ለማየት ወደ አሜሪካ መሻገር ያስፈልጋል። ቦብ ዩከር በቤዝቦል ስድስት የውድድር ዘመን ብቻ የተጫወተ ሲሆን፣ ከአሥር የመምታት ዕድል የሚሳካለት ሁለቱ ብቻ ነበር፤ ይህም በዚያ ስፖርት ደካማ ውጤት ነው። በራሱ ድክመት እየቀለደ ከ1971 እስከ 2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለ54 ዓመታት የሚልዋኪን ቡድን ጨዋታ በራዲዮ አስተላለፈ። የቡድኑ ስም «ቢራ ጠማቂዎች» ማለት ነው፤ ሐረር ቢራን ሲደግፍ ላደገ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። የቤዝቦል ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን 162 ጨዋታ ያደርጋል። ስለዚህ የዩከር ድምፅ ከፀደይ እስከ መኸር በየቀኑ ማለት ይቻላል ወደ ማድ ቤቱና ወደ መኪናው ይገባ ነበር፤ አካባቢው የወተት ላም አርቢዎች ምድር በመሆኑ ወደ በረቱም ጭምር። ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም. በ90 ዓመቱ ሲያርፍ በብርዱ መካከል ሰዎች ከስታዲየሙ ውጭ ወደቆመው ሐውልቱ ሄደው አበባና ቢራ አኖሩ። ዩከር በተጫዋችነቱ ያን ያህል የሚደነቅ አልነበረም። የተለቀሰለት በየቀኑ ስለመጣ ነው።

የሚልዋኪ ሰዎች እግራቸው የሚሄድበት ቦታ ነበራቸው። የእኛ ደጋፊ ያለው ወሬው ነው። ይድነቃቸው ተሰማ በነሐሴ 1979፣ መንግሥቱ ወርቁ በታኅሣሥ 2003፣ ሉቻኖም በ2015 ሲያርፉ፣ የ1954ቱ ጨዋታ በየቡና ቤቱና በየበርጫው እንደገና ተነሣ። ልጆች ታሪኩን ከአባቶቻቸው አፍ የሰሙት በእንዲህ ያለው ቀን ነው። ለድንኳኑ ምትክ ካለ ይኸው ነው፤ ለቅሶ ደራሹ አድማጭ፣ ሐዘንተኛው ደግሞ ተራኪ ይሆናል።

ያን ቀን የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ሰባዎቹን አጋምሷል። ስልክ ያለው የቤቱ ልጅ ድምፁን ሊቀዳ ቢፈልግ ውጤቱን መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ውጤቱ ተጽፏል። ያልተጻፈው ሌላ ነው፦ ራዲዮው የማን ነበር? ማን ማን ተሰብስቦ ሰማ? ሉቻኖ ሁለተኛዋን ግብ ሲመልስ በቤቱ ውስጥ መጀመሪያ የጮኸው ማን ነው?