ጽሑፍን በኪቦርድ ትዕዛዝ ቆርጦ መለጠፍ ጥንቃቄን ይሻል

በጌዴኦ ዞን አማርኛ በግዕዝ ፊደል፣ ጌዴኦኛ ደግሞ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። በዲላም ሆነ በወረዳዎች ሁለቱን ቋንቋዎች የሚያስተናግድ ድረ ገጽ ወይም የመረጃ ቋት የሚያዘጋጅ ባለሙያ ጽሑፍን ሳያበላሽ ከቦታ ቦታ ማዘዋወር ይጠበቅበታል። ለዚህም የኪቦርድ ትዕዛዞች ከማውዝ ይልቅ ጊዜ ይቆጥባሉ።

ቆርጦ የመለጠፍን ዘዴ ያዳበሩት ላሪ ቴስለርና ቲም ሞት ሲሆኑ፣ ይህንንም ያከናወኑት እ.ኤ.አ በ1970ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ በሚገኘው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ነው።

በዊንዶውስ በሚሰራ ኮምፒውተር የሚፈለገው ጽሑፍ ሺፍትንና የቀስት ቁልፍን አንድ ላይ በመጫን ይመረጣል። ኮንትሮልና ኤክስ ይቆርጣሉ፤ ኮንትሮልና ሲ ይገለብጣሉ፤ ኮንትሮልና ቪ ይለጥፋሉ፤ ኮንትሮልና ዜድ ደግሞ የመጨረሻውን ድርጊት ይሽራሉ።

ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ በተባለው የኮድ መጻፊያ ምንም ጽሑፍ ሳይመረጥ ኮንትሮልና ኤክስ ከተጫኑ ጠቋሚው ያለበት መስመር በሙሉ ይቆረጣል። ለምሳሌ ወናጎ፣ ይርጋጨፌና ቡሌ በየመስመሩ በተዘረዘሩበት ፋይል የቡሌን መስመር ቆርጦ በወናጎ መስመር ላይ ኮንትሮልና ቪ መጫን ቡሌን ከወናጎ በላይ ያስገባል።

ይሁን እንጂ የተቆረጠው ጽሑፍ እስኪለጠፍ ድረስ የሚቆየው ክሊፕቦርድ በተባለ ጊዜያዊ ማስቀመጫ ነው። ሌላ ጽሑፍ ሲቆረጥ ወይም ሲገለበጥ የቀድሞውን ይተካዋል፤ መብራት ሲቋረጥም ሊጠፋ ይችላል። ስለሆነም የባለጉዳይን ስም ወይም የይዞታ መረጃ የያዘ መስመር ሲዘዋወር በቅድሚያ ገልብጦ መለጠፍ፣ ትክክለኛነቱን ማረጋገጥና ከዚያ በኋላ ነባሩን መሰረዝ ይመረጣል።

ሌላው ችግር ከቆዩ ሰነዶች ጋር የተያያዘ ነው። ከዩኒኮድ በፊት የተሰሩ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የግዕዝን ሆሄያት ለላቲን ፊደላት በተሰጡ መለያ ቁጥሮች ላይ ያስቀምጡ ነበር። በእነዚህ የተጻፈ ደብዳቤ በኮድ መጻፊያ ላይ ሲለጠፍ ትርጉም ወደሌላቸው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ይለወጣል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተ በመሆኑ ሰነዱን ከመለጠፍ በፊት ወደ ዩኒኮድ መቀየር ያስፈልጋል። መቀየሪያው የሳተው ሆሄ ሊኖር ስለሚችልም ጽሑፉ ከዋናው ሰነድ ጋር እስኪመሳከር ድረስ ነባሩን ፋይል አለመሰረዝ ተገቢ ነው።