ነጩ ትሪሊየም፦ ተረትና እውነታ

በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ሊንደን አጠገብ ባለው የብሉ ሪጅ ተራራ፣ የቶምፕሰን የዱር አራዊት ጥብቅ ስፍራ ወደ ሚያዝያ መጨረሻ በነጭ አበባ ይሸፈናል። ዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ሩቅ አይደለም። አበባው ትሪሊየም ግራንዲፍሎረም ይባላል፤ ዛፎቹ በየዓመቱ ቅጠላቸውን በሚያራግፉበት ለም ደን የሚበቅል የምሥራቅ ሰሜን አሜሪካ አገር በቀል ተክል ነው። ኦንታሪዮ በ1937፣ ኦሃዮ በ1986 እ.ኤ.አ. መለያቸው አድርገውታል። ዝናው ግን ከብዙ የተሳሳተ ወሬ አላዳነውም።

ተረት፦ በደኑ ውስጥ ሦስት ቅጠል ያለው ሁሉ ትሪሊየም ነው።

እውነታ፦ አይደለም። በዚያው ደን የሚበቅለው ጃክ ኢን ዘ ፑልፒትም ሦስት ሦስት ቅጠል አለው፤ የእሱ ሁለቱ ግን ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ይዘረጋሉ፤ ሦስተኛው መሐል ላይ ይቀራል። የትሪሊየም ሦስቱም እኩል ተራርቀው ከግንዱ ጫፍ ይወጣሉ። ከመካከላቸው በሚነሣ አጭር ዘንግ ላይ ሦስት አረንጓዴ የእምቡጥ ሽፋኖችና ሦስት ነጭ የአበባ ቅጠሎች አሉ። ነጮቹ ከሥራቸው ተደራርበው እንደ ጥሩምባ አፍ ይከፈታሉ።

ተረት፦ ሮዝ የሆነው ሌላ ዝርያ ነው።

እውነታ፦ ነጩ አበባ ሲያረጅ ሮዝ ይሆናል። በአንድ ቁልቁለት ላይ ሁለቱንም ቀለም ያየ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው የዕድሜ ልዩነት ነው።

ተረት፦ አረንጓዴ መስመር ያለበት አበባ ብርቅ ዝርያ ነው።

እውነታ፦ ታሟል። መስመሩን የሚያመጡት ፋይቶፕላዝማ የተባሉ የሕዋስ ግድግዳ የሌላቸው ባክቴሪያዎች ናቸው።

ተረት፦ ቢቀጠፍ ለከርሞ ይተካል።

እውነታ፦ ከሁሉ የሚጎዳው ይህ እምነት ነው። ሰው አበባውን ሲቀጥፍ አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ ያሉትን ሦስት ቅጠሎችም አብሮ ይወስዳል። ተክሉ ከመሬት በታች ላለው ግንዱ የዓመቱን ስንቅ የሚያዘጋጀው በእነዚያ ቅጠሎች ብቻ ነው፤ በዚያ ዓመት ሌላ አያወጣም። ስለዚህ ለማገገም ዓመታት ሊፈጅበት፣ ሊሞትም ይችላል። ምትኩም ቶሎ አይደርስም፦ ዘሩን በአብዛኛው የሚያጓጉዙት በላዩ ያለውን ቅባታማ ምግብ ፈልገው የሚመጡ ጉንዳኖች ናቸው፤ ከበቀለ በኋላም እስኪያብብ ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። አጋዘን ሲበዛ ደግሞ አበባውን ከነቅጠሉ ይግጠዋል።

ተረት፦ በኦንታሪዮ ነጩን ትሪሊየም የትም ቦታ መቅጠፍ ወንጀል ነው።

እውነታ፦ ለዚህ ዝርያ ብቻ የወጣ እንዲህ ያለ ጠቅላላ ክልከላ የለም። በክፍለ ሀገሩ ፓርኮች ውስጥ ግን ማንኛውንም ተክል መቅጠፍ ክልክል ነው። ሕግ በማይደርስበትም ቦታ ቢሆን ሰባት ዓመት የፈጀን አበባ በአንድ ቅጽበት መቀንጠስ አግባብ አይደለም።

ለማየት የሚሄድ ሰው ከመንገዱ አይውጣ፤ ፎቶ ያንሣ። ለግቢው የሚፈልግም ከደን አይንቀል፤ ከዘር አፍልተው ከሚሸጡ ችግኝ ጣቢያዎች፣ ምንጩን ጠይቆ ይግዛ።