የልጅ ራስ ጭርት በዘይት አይድንም

በድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ በቅመማ ቅመሙ በኩል ያለፈ ሰው ከሂናውና ከቀሲሉ ጎን የጥቁር አዝሙድ፣ የጉሎ፣ የሰሊጥና የኮኮናት ዘይት በትንንሽ ብልቃጥና በሃይላንድ ጠርሙስ ተደርድሮ ያገኛል። ለምን እንደሚሆን ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ለሁሉም ነው፤ የተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም።» ለደረቀ ቆዳ፣ ለሚነቃቀል ፀጉር፣ ለፎረፎር፣ ለልጅ ጭርት። ከእነዚህ ሁሉ እኔን የሚያንገበግበኝ የመጨረሻው ነው።

እምነቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ድሬዳዋ ሞቃትና ደረቅ ናት። ውሃዋም ካልሲየም የበዛበት ለመሆኑ ነጭ ቅርፊት የያዘው የየቤቱ ማንቆርቆሪያ ይመሰክራል። እንዲህ ያለ ውሃ ከሳሙና ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ዝቃጭ ይፈጥራል፤ ያ ዝቃጭ ቆዳና ፀጉር ላይ ሲቀር ይሻክራል፣ ዘይት ሲቀቡት ይለሰልሳል። ጥቁር አዝሙድም ቲሞኪኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ በቤተ ሙከራ ፈንገስን ሲያዳክም ታይቷል። እናቶቻችን ለድርቀት ዘይት መቀባታቸው ልክ ነበር። ስህተቱ የሚጀምረው ከራስ ላይ የሚፈረፈር ነገር ሁሉ ድርቀት ነው ሲባል ነው።

ጭርት ፈንገስ ነው። በአገራችን የልጆችን ራስ ከሚይዙት ፈንገሶች በብዛት የሚገኘው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም የሚኖረው በፀጉሩ ዘንግ ውስጥ ነው። ከላይ የተቀባ ነገር፣ ዘይትም ይሁን ከፋርማሲ የተገዛ ቅባት፣ እዚያ ድረስ ገብቶ አያጠፋውም። ስለዚህ ዋናው መድኃኒት በአፍ ይወሰዳል፦ ግሪሶፉልቪን ወይም ተርቢናፊን። ግሪሶፉልቪን አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወሰዳል፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲዋጥ ደግሞ ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል። ጭርት ለያዘው ልጅ ዘይቱ የሚጠቅመው ወጡ ውስጥ ሲገባ ነው።

ራሱ ላይ ሲቀባ ግን ቅርፊቱን አርሶ ይደብቀዋል። እናት «ተሻለው» ብላ ታርፋለች። ልጁ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ማበጠሪያውን እህቱ ታነሳዋለች፣ እሱ የተላጨበት ምላጭ ወይም ማሽን ሳይጸዳ ሌላ ልጅ ራስ ላይ ያርፋል። ወራት ያልፋሉ። አንዳንዱ ልጅ ላይ ሰውነቱ ከፈንገሱ ጋር የሚያደርገው ግብግብ ይበረታና መግል የቋጠረ፣ ሲነኩት የሚያም እብጠት ይወጣል፤ ኬርየን ይባላል። ቶሎ ካልታከመ የፀጉሩ ሥር በጠባሳ ሊተካ ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ በዚያ ቦታ ፀጉር ዳግመኛ አይበቅልም። እንዲህ የሆነ ልጅ አይቻለሁ፤ ኮፍያህን አውልቅ ሲባል ያለቅሳል። እናቱ ቸልተኛ አልነበረችም፤ ጠዋትና ማታ ትቀባው ነበር። የልጁን ራስ በዓይኑ እያየ ሌላ ብልቃጥ የሚሸጥ ሰው፣ በቲክቶክም ሐኪም ሳይሆን ስለ ጭርት መድኃኒት የሚያዝ ሰው፣ ለእነሱ ትዕግሥት የለኝም።

የልጅ ራስ ላይ ክብ ሆኖ የተመለጠ ወይም ፀጉሩ ከሥሩ የተሰባበረ ቦታ ያየ ወላጅ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ይውሰደው። በዚያ ቀን ዘይት አይቀባው፤ ቅርፊቱ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ሊታይ ይችላልና። እህት ወንድሞቹም አብረው ይታዩ።

የአዋቂ ፎረፎርም ከዚሁ ስህተት አላመለጠም። ማላሴዚያ የሚባለው እርሾ መሰል ፈንገስ በሁላችንም ራስ ላይ ይኖራል፤ የራሱን ቅባት መሥራት ስለማይችል የሚበላው የእኛን ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ አንዳንዱን ዝርያ ለማሳደግ የሚፈልጉ ባለሙያዎች የወይራ ዘይት ያፈሱለታል። ፎረፎር ያለበት ሰው ይህንኑ ዘይት ራሱ ላይ ቀብቶ በድሬ ሙቀት ሲያሳድር ብዙ ጊዜ የሚያተርፈው ማሳከክ ነው። ኬቶኮናዞል ያለው ሻምፑ ይሻለዋል።

የጉሎ ዘይት ፀጉር ያሳድጋል? ፀጉር በወር 1 ሴንቲሜትር ያህል ያድጋል፤ ፍጥነቱ የሚወሰነው ከቆዳ ሥር እንጂ ከላይ በተቀባው አይደለም። ዘይት የሚቀንሰው መሰባበርን ነው፤ ያልተሰበረ ፀጉር ደግሞ ያደገ ይመስላል። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ የህንድ ተመራማሪዎች ጥናት የኮኮናት፣ የሱፍና የማዕድን ዘይትን አወዳድሮ ከፀጉር የሚወጣውን ፕሮቲን በጉልህ የቀነሰው የኮኮናቱ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ለፀጉሯ የምታስብ ሴት ከጉሎው ይልቅ የኮኮናቱን ብትገዛ እመርጣለሁ። የጉሎን ፍሬ ቤት ውስጥ መውቀጥ ደግሞ ይቅር፤ ፍሬው ራይሲን የሚባል ብርቱ መርዝ አለው፣ ልጆችም ያገኙትን ወደ አፋቸው ይሰዳሉ።

ቫዝሊን ከነዳጅ ስለሚሠራ ቆዳ ይጎዳል የሚሉም አሉ። በደንብ የተጣራው አይጎዳም፤ እንዲያውም የቆዳን እርጥበት በመያዝ ከአብዛኞቹ የተክል ዘይቶች ይበልጣል። «የተፈጥሮ» የተባለው ያልተቀላቀለ ጥቁር አዝሙድ ዘይት ግን አንዳንድ ሰው ላይ ቆዳ እስኪያቆስል ድረስ አለርጂ አስነስቷል። አዲስ ዘይት የገዛ ሰው መጀመሪያ ክንዱ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጥቂት ጠብታ ቀብቶ ሁለት ቀን ይጠብቅ።

ዘይት ከፀሐይ ይከላከላል የሚለውን ግን በቸልታ ማለፍ አልችልም፤ አልቢኒዝም ያለባቸው ልጆች አብረውን ይኖራሉና። ዘይት የተቀባ ቆዳ ያብረቀርቃል እንጂ ከጨረሩ አይጋረድም። ለእነዚህ ልጆች ጥበቃ ማጣት በወጣትነት የቆዳ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። የሚያስፈልጋቸው እጅጌው ረጅም ልብስ፣ ጠርዙ ሰፊ ባርኔጣና የመከላከል መጠኑ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ነው፤ ክሬሙም ውጭ እስካሉ ድረስ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል።