ፓጎዳ ስትገዙ ቀለሙን እርሱት

የድሮ የቅንጦት መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በዓይኑ ይያዛል። ኮፈኑ ሲያብረቀርቅ፣ ኒኬሉ ፊት ሲያሳይ፣ የቆዳው ወንበር ሲሸት ልብ ይሸፍታል። ቀለም፣ ኒኬልና ቆዳ ግን ገንዘብ ያለው ሰው በቀላሉ የሚያሳድሳቸው ነገሮች ናቸው። ኪስ የሚያራቁተው ከሥራቸው ያለው ላሜራ ነው። ይህን በደንብ የምታስተምር አንዲት መኪና አለች፤ መርሴዲስ ቤንዝ ፓጎዳ። ኑ፣ አብረን እንፈትሻት።

ፓጎዳ ጣሪያዋ የሚነሳ፣ ለሁለት ሰው የተሠራች መኪና ናት። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1963 በጄኔቭ የመኪና ትርዒት ብቅ አለች፤ እስከ 1971 ድረስ 48,912 ተሠርተዋል። መልኳን የነደፈው ፈረንሳዊው ፖል ብራክ ነው። ጠንካራው ጣሪያዋ መሃሉ ዝቅ፣ ዳር ዳሩ ከፍ ያለ ስለሆነ የሩቅ ምሥራቅ ቤተ መቅደስ ይመስላል፤ ቅጽል ስሟንም ያገኘችው ከዚያ ነው። ቅርጹ ለጌጥ ብቻ አልመጣም። የደኅንነት መሐንዲሱ ቤላ ባሬኒ ሐሳብ ነው፤ የጎን መስኮቶቹን ያሰፋል፣ ጣሪያውንም ያጠነክራል። ምቾት ብቻ የምታውቅ እንዳትመስላችሁ፦ በዚያው በ1963 ኦይገን ቦሪንገር ከስፓ ተነስቶ ሶፊያ ደርሶ የሚመለሰውን አድካሚ ራሊ በዚህችው መኪና አሸንፏል።

ሦስት ዓይነት አላት። የመጀመሪያዋ 230 ኤስኤል 150 የፈረስ ጉልበት አላት፤ ከኋላ የምትይዘው የከበሮ ፍሬን ነው። 250 ኤስኤል ስትመጣ የኋላ እግሮቿም ዲስክ ፍሬን አገኙ፤ የምትይዘው ነዳጅም ከ65 ወደ 82 ሊትር ከፍ አለ። የመጨረሻዋ 280 ኤስኤል በአውሮፓው አሠራር 170 የፈረስ ጉልበት አላት። ገበያው አብዝቶ የሚፈልገው እሷን ነው። ቢሆንም በደንብ የተያዘች 230 ከተጎሳቆለች 280 በብዙ ትሻላለች።

ሻጭ ብዙ ያወራል፤ የሻንሲ ቁጥሩ ግን ቁጥብ ነው፣ አይዋሽም። ለምሳሌ 113044-12 ብሎ ቢጀምር እንዲህ አንብቡት። 113044 ማለት 280 ኤስኤል ናት፤ 230 ከሆነች 113042፣ 250 ከሆነች 113043 ይላል። ከሰረዙ በኋላ ያለው 1 መሪዋ በግራ መሆኑን ይነግራችኋል፤ 2 ቢሆን በቀኝ ነበር። ቀጣዩ 2 ደግሞ አውቶማቲክ ካምቢዮ ይዛ ከፋብሪካ እንደወጣች ያሳያል፤ በእጅ ማርሽ ብትሆን ኖሮ 0 ይሆን ነበር። ስለዚህ ሻጩ «ከፋብሪካ ጀምሮ ማንዋል ናት» ብሎ እየማለ ቁጥሩ 12 ካለ፣ ካምቢዮው ተቀይሯል ማለት ነው። መቀየሩ ነውር የለበትም፤ ዋጋው ላይ ግን መታሰብ አለበት።

ፋብሪካው ለእያንዳንዷ መኪና የመረጃ ካርድ ያዘጋጅ ነበር። የሞተሩ ቁጥር፣ የቀለሙ ኮድ፣ የወንበሩ ዓይነት፣ ገዢው ያዘዛቸው ተጨማሪ ነገሮች ሁሉ እዚያ ላይ ሰፍረዋል። ቅጂውን ጠይቁና ከመኪናዋ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። በጣም ደስ የሚለው ነገር የቦዲው ቁጥር ነው፤ ከሻንሲው ቁጥር የተለየ ነው። ኮፈኑና ጠንካራው ጣሪያ ለዚያችው መኪና ተስተካክለው ስለሚገጠሙ ይህ ቁጥር ይመታባቸዋል። የኮፈኑ ቁጥር ከካርዱ ጋር ካልገጠመ፣ ኮፈኑ ከሌላ መኪና የመጣ ነው። ያን ጊዜ ጥያቄው «የመጀመሪያው ምን ነካው?» ይሆናል።

አሁን ወደ ላሜራው። ማግኔት ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ የሚለውን ዘዴ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ፓጎዳ ላይ ግን ይህ ዘዴ ጉድ ይሠራችኋል፤ ኮፈኑ፣ የበሮቹ የውጭ ልባስና የኋላው ክዳን አሉሚኒየም ስለሆኑ ንጹሕ ቢሆኑም ማግኔት አይዙም። ማግኔታችሁን ብረት ወደሆነው ፓራፋንጎ ውሰዱት። እዚያ ከተንሸራተተ ጠርጥሩ።

ከዚያ ኮፈኑን ክፈቱና ፓራፋንጎው ከውስጠኛው ላሜራ ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ በጣታችሁ ተከተሉት። ፋብሪካው በነጥብ በነጥብ ስለበየደው፣ እኩል እየተራራቁ የሚሄዱ ትናንሽ ክብ ጉድጓዶች ይዳሰሳሉ። ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ ወይ ፓራፋንጎው ተቀይሯል፣ ወይ የሆነ ሰው በስቱኮ ደፍኖታል። የጥገናውን ፎቶና ደረሰኝ ጠይቁ፤ በደንብ ያሠራ ባለቤት ማሳየት አያፍርም።

ከሁሉ የሚያስፈራው ከበሩ ሥር ያለው ነው። ጣሪያ የማያግዛት መኪና ጥንካሬዋን የምታገኘው ከወለሉና ከበሩ ሥር በርዝመት ከሚያልፉት ባዶ የሳጥን ቅርጽ ላሜራዎች ነው። ውሃ እዚያ ገብቶ ከተኛ ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል፤ ቀለሙን ገፍቶ ሲታይ ጉዳዩ አልቋል። መኪናዋን በክሪክ አስነሱና በሩን ክፈቱ፣ ዝጉ። መሬት ላይ ሳለች ያለ ችግር ይዘጋ የነበረ በር አሁን ጠርዙን ከነካ፣ ቦዲው ተልፈስፍሷል። ምንጣፉን ግለጡ፤ ትርፍ ጎማው የሚቀመጥበትንም አትለፉት። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የተባለው ለዝገትም ይሠራል፤ የዘገየ ዝገት መላ ቦዲውን አስፈትቶ የሞተር እድሳትን የሚያስንቅ ሂሳብ ያመጣል።

ሞተሩን ለመፈተን ደግሞ ለሻጩ አስቀድማችሁ «እኛ ሳንመጣ እንዳታስነሳት» በሉት። ስትደርሱ ኮፈኑን ዳስሱ፤ ሞቅ ካለ አንድ ነገር እየተደበቀ ሊሆን ይችላል። ነዳጁን የሚመጥነው ካርቡሬተር ሳይሆን ስድስት ፒስተን ያለው የቦሽ ፓምፕ ነው። ፓምፑ ውስጥ ሁለመናው በጥንቃቄ የተቀረጸ ካም አለ፤ የሞተሩ ፍጥነትና የእግራችሁ ጫና ተባብረው ያንቀሳቅሱትና ስንት ነዳጅ እንደሚገባ ይወስናል። ኮምፒውተር ሳይኖር! ቀዝቃዛ ሞተር ቶሎ መነሳት፣ ሲሞቅም ዝግ ብሎ በእርጋታ መዞር አለበት። ጥቁር ጭስ ካወጣ፣ ወይም ሞቆ ከጠፋ በኋላ አልነሳም ካለ ፓምፑ ወይም ማስተካከያው ሥራ ይፈልጋል፤ ይህን የሚያውቅ መካኒክ ደግሞ በየሰፈሩ አይገኝም።

የት ትገዟታላችሁ? ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለች፣ ይህ ይበልጥ የሚመለከተው ውጭ የምትኖሩትን ነው። አሜሪካ ላላችሁ፣ ከ25 ዓመት በላይ የሆናት መኪና ከፌዴራል የደኅንነት ደረጃ ነፃ ሆና መግባት ትችላለች። ጀርመን ላላችሁ ደግሞ 30 ዓመት የሞላትና ከጥንት ይዞታዋ ያልወጣች መኪና ኤች የሚል ታርጋ ታገኛለች፤ ግብሯም ቁርጥ ነው።

ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት ይህችን መኪና የሚያውቅ ባለሙያ ከፍላችሁ አስመርምሯት። የሚጽፍላችሁ የጉድለት ዝርዝር የመከራከሪያ ወረቀታችሁ ይሆናል። ሻጩ መኪናዋን ሊፍት ላይ ለማውጣት ካንገራገረ ግን ክርክር አያስፈልግም። ከ48 ሺህ በላይ ተሠርተዋልና ተሰናበቱትና ሌላዋን ፈልጉ።