የሰሊጥ ግምት ከየት ይመጣል?

ሳንጃ ላይ ሰሊጥ የሚገዛ ነጋዴ ዋጋ ከመቁረጡ በፊት «ዘንድሮ ምርቱ እንዴት ነው?» ማለቱ አይቀርም። ደላላው የሚነግረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመኪና መንገድ ዳር ያየውን ማሳ ነው። መንገድ ዳር ደግሞ የታች አርማጭሆን ቆላ በሙሉ አይወክልም።

የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ የአሁኑ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ ሲሠራበት በቆየው የግብርና ናሙና ጥናት መጀመሪያ የቆጠራ ቦታዎች፣ ቀጥሎ ከየቦታው ገበሬዎች በዕጣ ይመረጣሉ። ማሳው ይለካል፤ በ4 ሜትር በ4 ሜትር የተከለለው ሰብል ታጭዶ ይመዘናል።

ዕጣ ግን አንዳንዴ ናሙናውን አንድ ጥግ ላይ ያከማቸዋል። ስቲቨንስና ኦልሰን እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ዘዴ ናሙናውን በካርታው ላይ አዳርሶ ይበትናል። «ኤስፒሰርቬይ» የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ይህንኑ ይሠራል፤ በነፃ ይገኛል፤ ከግምቱ ጋርም የስህተቱን ወሰን ያወጣል። ገዢ ማየት ያለበት ወሰኑን ነው። ለምሳሌ ግምቱ 100 ሺህ ኩንታል፣ ወሰኑ 30 ሺህ ከሆነ፣ ምርቱ 70 ሺህም 130 ሺህም ሊሆን ይችላል፤ በሁለቱ መካከል የመጋዘን ኪራይና የባንክ ወለድ አለ። በዚያ ላይ የጥናቱ መደበኛ አኃዝ የሚወጣው እስከ ዞን ድረስ ስለሆነ፣ የሳንጃን ቆላ ከዞኑ ደጋ ለይቶ አያሳይም።