ማበብ ያቆመው ሰውሰን



በሊባኖስ፣ በዮርዳኖስ ወይም በሳዑዲ ዓረቢያ ደጋ በአብሃ አካባቢ፣ ግቢ ባለው ቤት የምትሠሩ ከሆነ፣ ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ የብርዱ ወራት ሲያልቅ ነጭ አበባ የሚያወጣ ተክል ሳታዩ አትቀሩም። ዓረቦቹ ሰውሰን ይሉታል። ፈረንጆቹ አይሪስ ያሉት ከግሪክ ወስደው ሲሆን ትርጉሙ ቀስተ ደመና ማለት ነው። ከመካከላችሁ ሶስና የምትባል ካለች ስሙን እንደ ባዕድ አትቁጠረው፤ ሰውሰንና ሶስና፣ ዕብራይስጡም ሾሻና የሚለው፣ ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸውና።

ይህ ተክል ለጥቂት ዓመታት እጅግ ያምርና ከዚያ ቅጠል ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ወቀሳው በሠራተኛዋ ላይ ይወርዳል፤ «ውሃ ስለማታጠጪው ነው» ትባላለች። እርሷም ደንግጣ ጠዋትና ማታ ውሃ ስታፈስስበት ሥሩ ይበሰብሳል፤ ከፊተኛው የኋለኛው ይብሳል። ነገሩ ግን የውሃ እጥረት ሳይሆን የቦታ ጥበት ነው። ሥሩ እንደ ዝንጅብል ወፍራም ሆኖ በአፈሩ ላይ እየተሳበ ይሰፋል፤ በየዓመቱ ወደ ውጭ አዲስ ጣት ያወጣል። አንዴ አበባ ያወጣ ሥር ዳግመኛ አያብብም። ስለዚህ መካከሉ ያረጀ ሥር ክምር ይሆናል፣ ዳር ዳሩ ያሉት ወጣቶች ደግሞ እርስ በርሳቸው ይተናነቃሉ።

ስለ ነጩ ሰውሰን አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልንገራችሁ። ይህ ተክል መካን ነው፤ ዘር አይጥልም። የትውልድ አገሩ የመንና ሳዑዲ ዓረቢያ ሲሆን፣ ሙስሊሞች በመቃብር ላይ የመትከል የቆየ ልማድ ስላላቸው በሜዲትራንያን ባሕር ዙሪያ ሁሉ ደርሷል። የዴንማርኩ የዕፅዋት ሊቅ ዮሃን ላንጌ በ1860 እ.ኤ.አ. የሳይንስ ስሙን ሲያወጣለት እስከ ስፔን ዘልቆ ነበር። ነፋስ ወይም ወፍ አልወሰደውም፤ ሰው ሥሩን እየከፈለ፣ በእጁ እየያዘ ነው ያደረሰው። የሚከፍለው እጅ ካጣ ባለበት ይታፈናል።

መክፈልስ ለእኛ አዲስ ነገር ነውን? ጠጅ ሳር ከጎረቤት ግቢ ከነሥሩ ገንጥላ ያልተከለች ማን ናት? በጉራጌ ወይም በሲዳማ ያደገች እኅትማ የእንሰቱን አሚቾ ማደጊያውን አውጥቶ መቅበር፣ ከዚያም ብዙ ችግኝ ማግኘት ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ ታውቃለች።

አስቀድማችሁ ግን እመቤቲቱን አስፈቅዱ። ሳትነግሯት ቆፍራችሁ ብታገኛችሁ ተክሉን አጠፋችሁት ብላ ታዝናለች። ወስዳችሁ የተጨናነቀውን ሥር አሳዩአት፤ «ዛሕመ» የምትለዋ አንዲት ቃል ትበቃለች።

ጊዜው አበባው ካለፈ ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ጀምሮ ነው፤ በሞቃት አገር ግን ሙቀቱ እስኪበርድ፣ እስከ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም መጠበቅ ይሻላል። ፀሐይ ሳይከር በማለዳ ሥሩ። በዙሪያው ራቅ ብላችሁ በመቆፈሪያ ፈንቅሉና ሙሉውን አውጡት፤ አፈሩን አራግፉ። መካከሉን፣ ቀሎና ስፖንጅ መስሎ ያገኛችሁትን፣ ያለ ርኅራኄ ጣሉት። የምታስቀሩት ሲጫኑት ጠንካራ የሆነውን፣ አንድ ክምችት ቅጠልና ጥቂት ቀጫጭን ሥር ያለውን ቁራጭ ነው። የለሰለሰና የሚሸት ቦታ ካለው እስከ ጤነኛው ድረስ ቁረጡ፤ ቢላዋውንም አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ እጠቡት። በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ቅጠሉን አንድ ስንዝር ያህል አስቀርታችሁ ከርክሙት፤ ሥሩ እስኪይዝ ድረስ ብዙ ቅጠል መሸከም አይችልምና። የተቆረጠው ፊት በጥላ አንድ ቀን ይድረቅ። ከዚያም ቢያንስ ለስድስት ሰዓት ፀሐይ በሚያገኝ፣ ውሃ በማይተኛበት ቦታ፣ እርስ በርሳቸው ሁለት ስንዝር ያህል አራርቃችሁ ትከሉ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ እንደ ድንች በጥልቅ ይቀብሩታል። ወፍራሙ ሥር ጀርባው ከአፈሩ ፊት ሊታይ ይገባል፤ ፀሐዩ በሚያቃጥልበት አገር አንድ ጣት ያህል አፈር ቢለብስ ይበቃዋል። የመጀመሪያውን ቀን በደንብ አጠጡት፤ ከዚያ በኋላ አፈሩ ሲደርቅ ብቻ።

ከዚህ የተለየው ሳይቤሪያዊ የሚባለው ነው። ቅጠሉ እንደ ሣር ቀጭን፣ አበባው ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ነው። ቀዝቃዛ ክረምት ስለሚሻ በባሕረ ሰላጤው ሙቀት አይኖርም፤ አሠሪዎቻችሁ ወደ አውሮፓ ሲሄዱ አብራችሁ የምትሄዱ ግን ልታገኙት ትችላላችሁ። ሲያረጅ መካከሉ ሞቶ እንደ ቀለበት ክፍት ይሆናል፤ ሥሩም እንደ ገመድ ስለሚጠላለፍ በእጅ አይለያይም። ሁለት መቆፈሪያ ጀርባና ጀርባ አድርጎ መፈልቀቅ ወይም በመጋዝ መቁረጥ ያስፈልጋል። ለዚህኛው ሕጉ ተገላቢጦሽ ነው፦ ሥሩ ለአፍታም አይድረቅ፤ እርጥብ ጨርቅ አልብሱት፤ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ጥልቀት ቅበሩት፤ እስኪይዝ ድረስ ውሃ አታጓድሉበት። በጣም አታሳንሱት፤ በአንድ ቁራጭ ሦስት አራት ቡቃያ ይኑር።

ልጅ የምትጠብቁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። የሰውሰን ሥር ቢበላ ያስመልሳል፤ ሆድንም ያስቀምጣል። ፈሳሹም የአንዳንድ ሰው ቆዳ ያሳክካል፤ ስለዚህ ጓንት አድርጉ፣ ቁርጥራጩንም ሕፃን ከሚደርስበት ቦታ አንሡ። ከመቃብር ላይ ያለውን አትንኩ። የዮርዳኖስ ብሔራዊ አበባ የሆነውን ጥቁሩን ሰውሰንም ከዱር ነቅላችሁ አታምጡ።

ከተረፈው ቁራጭ፣ እመቤቲቱ ከፈቀደች፣ ለጎረቤት ቤት ለምትሠራው እኅት ስጧት። በመጪው የጸደይ ወራት አበባው ጥቂት ሊሆን ወይም ጨርሶ ላይታይ ይችላልና ይህንንም አስቀድማችሁ ለቤቱ ሰዎች ንገሩ፤ ሙሉው የሚታየው በሁለተኛው ዓመት ነው። አበባው ሲረግፍ አገዳውን ከሥር ቁረጡ፣ አረንጓዴውን ቅጠል ግን ተዉት፤ የከርሞውን አበባ የሚያዘጋጀው እርሱ ነው።